ቀኑ ከአዲሱ፣ ስሙ ከአሮጌው

ባለፈው ክረምት አክስታችንን ይዘን ስሙን ወደማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። (የአንዳችን አክስት ናቸው፤ ቡናቸውን ያልጠጣ ከመካከላችን ስለሌለ ግን የሁላችን ሆነዋል።) ጉዳዩ ቀላል ነበር። የካ ተራራ ግርጌ ያለው የአባታቸው ቤት በውርስ ወደ እሳቸው ከዞረ ቆይቷል፤ የሚፈልጉት ይህንኑ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። ወረፋ ጠበቅን። ተራችን ደረሰና ልጅቷ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አድርጋ ወረቀቱን አተመችልን። ቀኑ ትክክል ነው፤ አክስታችን አምና ግብር የከፈሉበት ቀን ነው። ስሙ ግን የአባታቸው ነው።

«ልጄ» አሉ አክስታችን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «አባቴ ካረፉ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አምና ተነሥተው መጥተው ከፈሉ ነው የምትይኝ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ አይደለሁም። ሲስተሙ ነው እንደዚህ የሚያሳየኝ።»

ሲስተሙ ነው! በዚህ ከተማ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በላይ ይግባኝ የሌለው ፍርድ አልሰማንም። ወረቀቱን ይዘን ወጣን። ማታ ለፕሮግራመር ጓደኛችን ስናሳያት አንድ ጊዜ አየችውና ሳቀች። «ይሄማ የታወቀ ነው» አለችን። «ለእያንዳንዱ ቤት የመጨረሻውን መዝገብ አምጣ ሲባል፣ ቀኑን ከመጨረሻው መስመር፣ ስሙን ከመጀመሪያው መስመር አምጥቶ ሰፍቶታል።» እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ነን፤ ኮምፒዩተር ሲባል ጽሑፍ መለቀሚያ ነው የሚታየን። ግን ነገሩ አላስተኛንም። «የመጨረሻውን አምጣ» የመሰለ ቀላል ትእዛዝ እንዴት ነው የሞተን ሰው ግብር ከፋይ የሚያደርገው? መፈለግ ጀመርን። ስንፈልግ ደግሞ ነገሩ ከኮምፒዩተር በፊትም የነበረ ሆኖ አገኘነው።

እስቲ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው ትተን ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ እንውጣ። እዚያ ሆነን አንድ መዝገብ በሐሳባችን እንክፈት። በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይጻፋል፦ የንጉሡ ስም፣ መቀመጫው፣ የተቀመጠበት ዘመን። በምኒልክ ስም መጀመሪያ አንኮበር አለ። ከዚያ ልቼ ይመጣል፤ በ1870 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተስማሙበት ቦታ ነው። ከዚያ በዚያው በ1870ዎቹ እንጦጦ። ከዚያም 1879 ዓ.ም. ላይ ከተራራው በታች፣ ፍልውኃው አጠገብ፣ አዲስ አበባ። እዚህ ላይ ያበቃ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። አላበቃም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ሲያስቸግር፣ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን አዲስ መቀመጫ ለማድረግ ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ቀረ፤ ባሕር ዛፉ ለአዲስ አበባ ደረሰላት፤ አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አሁን መዝገባችንን እንጠይቀው። «ለእያንዳንዱ ንጉሥ የመጨረሻ መቀመጫውን አምጣ።» መልሱ ምን ይሆናል? አዲስ ዓለም! ምክንያቱም ትልቁ ዘመን ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። ምኒልክ ሐሳባቸውን ሲለውጡ «ወደ አዲስ አበባ ተመልሰናል» የሚል አዲስ መስመር የጻፈ የለም፤ ቀድሞውንም ጨርሰው አልለቀቋትማ። የአዲስ ዓለሙንም መስመር «ቀርቷል» ብሎ የዘጋው የለም። መዝገባችን መጀመሩን እንጂ ማብቃቱን አይጽፍም፤ ስለዚህ ንጉሡ እስከ ዛሬ አዲስ ዓለም ተቀምጠዋል።

ይባስ ብሎ «የትኛው ቀን?» የሚል ጥያቄም አለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከሦስት ዓመት ግድም በኋላ ማለት ነው። መዝገቡን የያዘው ሰው ዘመኑን በዘውድ ቢቆጥረው እንጦጦ ከአዲስ አበባ በኋላ ትመጣለች። በሰፈራ ቢቆጥረው ከአዲስ አበባ በፊት። ሁለቱም ቀን እውነት ነው። የተለያየው ጥያቄው ነው።

ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። የዘመናዊው ዳታቤዝ አባት ተደርጎ የሚታየው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ በአይቢኤም ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ደፋር ነገር አደረገ፤ መዝገብን ከቅደም ተከተል ነጻ አወጣው። የወረቀት መዝገብ የያዘ ጸሐፊ «የመጨረሻው የቱ ነው?» ቢባል ጣቱን ወደ ታችኛው መስመር ይሰዳል፤ በኋላ የተጻፈ ከታች ነዋ! የዚያን ጊዜ ፕሮግራሞችም እንደዚያው ነበሩ። መረጃው በተቀመጠበት ተራ ላይ ተደግፈው ስለሚሠሩ፣ ተራው ሲነካ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ኮድ ሊያስቀር ከፈለጋቸው ጥገኝነቶች አንዱ ይሄ ነበር። በእሱ ሰንጠረዥ ውስጥ መስመሮች እንደ አንድ ከረጢት ሽምብራ ናቸው፤ መጀመሪያ የለም፣ መጨረሻ የለም። «የመጨረሻውን» የፈለገ ሰው መጨረሻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ራሱ መናገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የተባሉ ሁለት የአይቢኤም ተመራማሪዎች ሰው ለሰንጠረዥ የሚናገርበትን ቋንቋ አወጡ። የዛሬው ኤስኪውኤል ከዚያ የመጣ ነው። (ቦይስ በዚያው ዓመት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሞተ። እኛም በሃያዎቹ ያለን ሰዎች ይህንን ስናነብ ትንሽ ዝም ብለን ነበር።) ቋንቋው «ግሩፕ ባይ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ መስመሮቹን በየቤታቸው፣ በየሰፈራቸው፣ በፈለጉት ነገር ይቧድናል። «ማክስ» የሚባልም አለው፤ ከየቡድኑ ትልቁን ያወጣል። ቤቶቹን ቧድኖ ትልቁን ቀን ማውጣት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግሩፕ ባይ ቡድኑን ጨምቆ አንድ ያደርገዋል። ቀኑን ታገኛላችሁ፤ ቀኑ የነበረበት መስመር ግን ተጨምቋል። ታዲያ ስሙ ከየት ይምጣ?

ደንቡን የጠበቁ ዳታቤዞች እዚህ ላይ «አልመልስም» ይላሉ። ስሙ በቡድኑ ውስጥ ብዙ ነው፤ የትኛውን ልስጥህ? ማይኤስኪውኤል የተባለው ግን ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አልነበረም። ነጻና ቀላል ስለነበረ በ2000ዎቹ (በፈረንጆቹ ማለታችን ነው) ድረ ገጽም ሆነ ትንሽ የቢሮ ሲስተም የሚሠራ ወጣት በዓለም ዙሪያ የሚያነሣው እሱን ነበር። ይሄ ደግ ዳታቤዝ ያልተነገረውን ዓምድ ሲጠየቅ ከቡድኑ ውስጥ ያገኘውን አንዱን ስም ያነሣና ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መጀመሪያ የገባውን ነው። ስህተት ነው አይልም፤ አይጮህም። የመጨረሻውን ቀን ከአንድ መስመር፣ የሟቹን አባት ስም ከሌላ መስመር አምጥቶ እንደ አንድ እውነት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በራሱ መከልከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 5.7 በተባለው ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ስንት ሲስተሞች አሁንም ስንት ወረቀት እያተሙ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

መፍትሔው እንዴት ነው ያልን እንደሆነ፣ አክስታችን ሳያውቁት አሳይተውናል። በዚያ ሳምንት ሰነዶቻቸውን ከላስቲክ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የዚህ ቤት፣ የገጠሩ ቤት፣ የወንድማቸው ቤት ሁሉም ተደባልቋል። መጀመሪያ በየቤቱ ከፍለው ከመሩት። ከዚያ እያንዳንዱን ክምር ቀን እያዩ ደረደሩት፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ከዚያ «ከየክምሩ የላይኛውን አንሡልኝ» አሉን። በቃ። ማንኛውም ወረቀት አልተቀደደም፣ አልተጨመቀም፤ የላይኛው ወረቀት ሲነሣ ቀኑም ስሙም ፊርማውም አብሮ ይነሣል።

ዳታቤዞች ይህንን የአክስታችንን ዘዴ በግልጽ ቃል ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ድሮ ሰው የሚሠራው በዙሪያ ጥምጥም ነበር፤ መጀመሪያ ትልልቆቹን ቀኖች ለብቻ ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ሙሉው ሰንጠረዥ ተመልሶ «ቤቱም ቀኑም የሚገጥመውን መስመር ስጠኝ» ይላል። ይሠራል፣ ግን ሁለት ጊዜ መሄድ ነው። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ1999 በክምር ውስጥ ተራ ቁጥር መስጠት የሚችሉ ትእዛዞችን አመጣ፤ በ2003 የኤስኪውኤል ዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀበላቸው፤ ፖስትግሬስ በ2009 ያዛቸው። ማይኤስኪውኤል የደረሰው በ2018 ነው። ትእዛዙ «ሮው ነምበር» ይባላል፦ በቤት ክፈል፣ በቀን ከአዲስ ወደ አሮጌ ደርድር፣ ቁጥር ስጥ፣ ቁጥር አንዱን አምጣ። አክስታችንን ቀድመው ቢያማክሩ ኖሮ!

እዚህ ላይ ጓደኛችን «አለቀ» ብላን ነበር። እኛ ግን አላለቀም አልናት። ክምሩ የሚደረደረው በቀን ነዋ፤ የእኛ አገር ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ቀኖች አሉ እንበል። አንዱ 15/03/1998፣ ሌላው 20/06/2003። የትኛው ነው አዲሱ? ማሽኑ ሳያመነታ ሁለተኛውን ያነሣል፤ 2003 ከ1998 ይበልጣላ! ነገር ግን የመጀመሪያውን የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1998 ዓ.ም. ብሎ ነው። ሁለተኛው ወረቀት ከውጭ የመጣ፣ በፈረንጆች ጁን 20 ቀን 2003 የተጻፈ ነው፤ በእኛ ሰኔ 13 ቀን 1995 ማለት ነው። አሮጌው ወረቀት በሰባትና ስምንት ዓመት ምርቃት አዲሱን ቀደመው። ባንክ፣ ኤምባሲ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ውክልና፣ ፍርድ ቤትና ቀበሌ ሁሉም የሚገናኙበት ፋይል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ውርስ ሊያጣ የሚችል ሰው አለ።

ሌላም አለ። ዳታቤዙ የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ጥቅምት 30ን 30/02 ብለው ሲያስገቡለት «ፌብሩዋሪ ሠላሳ የለውም» ብሎ ይመልሳል። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት መጣ? ወረፋ የበዛበት ጸሐፊ ታዲያ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ የሚገባለትን ቀን ይፈልጋል፣ ወይ ዓምዱን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ማሽኑ የሚደረድረው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፦ 30/01/1990 ከ02/12/2004 ይበልጣል፣ ሦስት ከዜሮ ይበልጣልና። ዓመተ ምሕረቱን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ወሩን፣ መጨረሻ ቀኑን መጻፍ የሚባለው ልማድ ለውበት የመጣ አይደለም።

ቀኑ ይህን ያህል ካስቸገረ ክፍፍሉስ? «በየቤቱ» ስንል ቤቱን በምን እናውቀዋለን? ከእንጦጦ ወደ የካ እንውረድ። የየካ ግርጌ በአዲስ አበባ የመሬት ታሪክ ውስጥ ከቀደምቶቹ ነው፤ የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎች እስከ ዛሬ የተቀመጡባቸው ሰፋፊ ግቢዎች ከምኒልክ ዘመን የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ምኒልክ የከተማውን ቦታ በግል መያዝንና መሸጥን የሚያውቅ ደንብ አወጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከቁጥር 1553 ጀምሮ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዴት እንደሚመዘገብ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጠው። የሚያስገርመው፣ ያው ሕግ መጨረሻው ላይ ቁጥር 3363 አካባቢ ይህ ክፍል ለጊዜው እንዳይሠራበት አግዶታል። ሕጉ ተጻፈ፣ ታተመ፣ ተቆለፈ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ለመዝገብ ጥያቄ ይህ ቀን ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ባለው መስመር ላይ የተጻፈው ስም የመሬቱም የቤቱም ባለቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለው መስመር ላይ ያለው ግን ባለ ይዞታ ነው። ዓምዱ ያው «ስም» ነው፤ ትርጉሙ ግን በአንድ ሌሊት ተለወጠ። የካሳ ወይም የወራሽነት ክርክር የያዘ ሰው የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ አይበቃውም፤ ከ1967 በፊት የነበረውንም የመጨረሻ መስመር ይፈልጋል።

አድራሻውም አብሮ ሲለዋወጥ ኖሯል። ቀበሌዎቹ ከዚያው አዋጅ ጋር መጡ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተማ ተከፈለችና የካ ክፍለ ከተማ ተባለ። በኋላም ቀበሌዎች ተዋሕደው ወረዳ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ከ1995 በፊት የነበረው «ወረዳ» ብዙ ቀበሌዎችን የያዘ ሌላ ነገር ነበር፤ ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ቤቷ አልተንቀሳቀሰችም። በር ላይ ያለችው ቁጥር እንኳ ምናልባት ያቺው ናት። ክፍለ ከተማን፣ ወረዳንና የቤት ቁጥርን አጣምሮ «በዚህ ቧድን» የሚል ኩዌሪ ግን አንዷን ቤት ሦስት ቤት ያደርጋታል፤ ለእያንዳንዷም አንድ «የመጨረሻ» ስም ያመጣላታል። ሦስት የመጨረሻ ሰው ያላት አንዲት ቤት! የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ልዩ መለያ ኮድ እንዲሰጥ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። አስተዳደሩ ቢለዋወጥም ኮዱ ከመሬቱ ጋር ይቆያል።

ያው አዋጅ የሚመዘገበውንም ለይቷል፦ መብት፣ ክልከላና ኃላፊነት። ለእኛ ጥያቄ ይህ ቁልፍ ነው። በአንድ ቤት ፋይል ውስጥ ባለቤትነት አለ፣ የባንክ ዋስትና አለ፣ የፍርድ ቤት እገዳ አለ፣ የግብር ክፍያ አለ። ሁሉንም በአንድ ክምር ካደረግናቸው የላይኛው ወረቀት ደረሰኝ ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኝ ደግሞ ባለቤት አይናገርም። ስለዚህ ክምሩ በቤት ብቻ ሳይሆን በቤትና በመዝገቡ ዓይነት መከፈል አለበት። ለዚህ ቤት የመጨረሻው ባለቤትነት፤ ለዚህ ቤት የመጨረሻው እገዳ። ሁለቱ በአንድ ቀን ከተመዘገቡስ? ጠዋትና ከሰዓት የገቡትን የሚለይ ሌላ ተራ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የለበለዚያ ማሽኑ ዕጣ ይጥላል።

በነገራችን ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህንን ሁሉ ፍለጋ በሌላ መንገድ ሊያስቀረው አስቦ ነበር። አዲስ የባለቤትነት ደብተር ከመሰጠቱ በፊት አሮጌው እንዲሰረዝ ያዛል። አሮጌው ሁልጊዜ ከተሰረዘ «የመጨረሻው የቱ ነው» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ያልተሰረዘው እሱ ነው። ፕሮግራመሮችም አሁን የሚሠራውን መስመር በልዩ ምልክት ያዝ ይላሉ፤ አንድ ሐሳብ ነው። ምልክቱን ማንሣት የረሳ ሰው ካለ ግን አዲስ ዓለምና አዲስ አበባ እንደገና ይጣላሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመለስን። ያቺው ልጅ ናት ያለችው። በዚህ ጊዜ «ወረቀት አትሚልን» አላልንም። «እባክሽ፣ የዚህን ቤት መስመሮች በሙሉ ክፈችልን» አልን። ቅር ያላት መሰለን፤ ወዲያው ግን ስክሪኑን ወደ አክስታችን አዞረችው። ስድስት መስመር ነበር። ከላይ የ1958ቱ፣ የአባታቸው ስም። ቀጥሎ የ1968ቱ፣ ያው ስም፣ «ባለ ይዞታ» ተብሎ። አንድ ባንክ፣ አንድ የባንክ ስረዛ። አምስተኛው ላይ የውርሱ ውሳኔና የአክስታችን ስም። ስድስተኛው የአምናው ክፍያ።

ልጅቷ አምስተኛውን መስመር በጣቷ ይዛ «እማማ፣ ይኸው አሉልኝ እኮ!» አለች፤ ከእኛ በላይ ደስ ያላት መሰለች። «እሱን ላትምልዎት?»

አክስታችን መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የአባታቸው ስም ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ስድስቱንም አትሚልኝ» አሉ።